የሰባተኛው ሽጉጥ ወረቀት

ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱፤ መካነ ኢየሱስ

ይህን ደብተር ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ጡረታ ስወጣ ይዤው ወጣሁ። የጠየቀኝ የለም። የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እዚያ መሥሪያ ቤት ሰው ቀርቷል እል ነበር።

ዛሬ ገበያ መሐል ትእዛዝ ተነበበ። መሣሪያ ያለው ሁሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቀን ያስመዝግብ፤ ከየት እንዳገኘው የሚያስረዳ ወረቀት የሌለው መሣሪያ ይወረሳል። ያነበበው ማሩ ነው፤ በእኔ ወንበር የተቀመጠው ልጅ። ሁለት ቦታ ተደናቀፈ፣ አንድ መስመር ዘለለ። ሃያ ስምንት ዓመት የያዝኩትን ብዕር ለዚህ አስረክቤ ወጣሁ።

ገበሬው ሁሉ ክው አለ። እኔ በልቤ ሳቅሁ። በቤቴ ሰባት አሮጌ የጦር ሽጉጦች አሉ፤ ሁሉም ጥይታቸው በሚዞር ጎማ ውስጥ የሚገባ፣ የድሮ መኮንን ወገብ ላይ የዋሉ። ልተኩስባቸው አይደለም የሰበሰብኳቸው። እያንዳንዱ ከነወረቀቱ ነው፤ ቁጥሩ፣ የማን እንደነበር፣ በየትኛው ጦርነት እንደዋለ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ ብረት ነው። ይህን ለዚህ አገር ሰው ብናገር አንዱም አይገባውም።

ሰኔ ፲፮

ሁሉንም አውጥቼ ወለወልኩ። ሩሲያ ሠራሹ ሰባት ጎራሽ፤ ወረቀቱ አለ። ፈረንሣዩ፤ ባለ ሁለት ማኅተም ወረቀት አለው። እንግሊዙ እጀታው ላይ ቀለበት ያለው፤ አለ። ስድስቱም አላቸው።

ሰባተኛው ጣሊያን ሠራሹ ስድስት ጎራሽ ነው። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ወረቀት አለው። ወረቀቱ ግን በእኔ ስም አይደለም።

ስምንት ዓመት የወለወልኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልይዘው ኖሮ ዛሬ ዝገት በልቶት ነበር።

ሐምሌ ፭

ሸሪፍ ከወገዳ መጣ። በቅሎዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ናት። እንግሊዙንና ፈረንሣዩን ያመጣልኝ እሱ ነው፤ ነጋዴ ቢሆንም ዕቃ ያውቃል። ዘይት አምጥቶልኝ ተቀምጦ ስወለውል ያያል።

"አቶ ደምሌ፣ ይቺ ጣሊያኗ የወይዘሮ ይታይሽ አይደለችም?"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ባሏ ካሣሁን ታጥቋት አውቃታለሁ። እርስዎ ጋ አስቀምጣት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።"

መወልወሌን ቀጠልኩ። ዘይቱን አስቀምጦ ሄደ። ሰው ቤት ገብቶ የማይመለከተውን ይጠይቃል፤ ሁሉም እንዲህ ነው እዚህ አገር።

ሐምሌ ፲፯

መጣች። ይታይሽ የዋንቃ ወንዝ ሞልቶ ሰው እየፈራ በሚቀርበት ቀን ተሻግራ መጣች፤ ልብሷ ከጉልበቷ በታች ርሷል። አበራሽ እሳት ዳር አስቀመጠቻት። ባለቤቴ ለማንም እሳት አትነፍግም።

ነገሩ ይህ ነው፤ እውነቱን ለራሴ እጽፈዋለሁ። ካሣሁን በ፶ ዓ.ም. ሞተ። በ፶፩ ይታይሽ ሽጉጡንና ከአርበኛ አለቃው የተሰጠውን ባለ ቀይ ማኅተም ወረቀት ይዛ መጣች። የባሌ ዘመዶች ይነጥቁኛል፣ እርስዎ የፍርድ ቤት ሰው ነዎት፣ ያስቀምጡልኝ አለች። ያዝኩላት። እንደዚህ ነው የሆነው።

ዛሬ ደግሞ፣

"የባሌ የአጎት ልጅ ዋለ በማሳው ከሶኛል። ካሣሁን ባንዳ ነበር፣ ማሳውን ጣሊያን ነው የሰጠው ይላል። ዳኛው ሽጉጡንና ወረቀቱን አምጪ አሉ። ወረቀቱ ከጣሊያን ማርኮ እንዳገኘው ይናገራል አይደል? እኔ አላነብም፤ እርስዎ አንብበውልኛል።"

"ቀጠሮሽ መቼ ነው?"

"መስከረም ዘጠኝ።"

"ገና ነዋ። የገባበትን ሣጥን ፈልጌ እልክልሻለሁ።"

"ሣጥኑ ጠፋ እንዴ?"

አልጠፋም። ከተቀመጠችበት ሁለት ክንድ ርቆ አልጋ ሥር ነበር። ሌላ ጊዜ ነይ አልኳት። ዓይኗን አላነሳችም፤ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ያ እግዜር ይስጥልኝ እስካሁን ያናድደኛል።

ሐምሌ ፲፰

አበራሽ አኩርፋለች። ወጥ ጨው የለውም። ስጠይቃት "እኔ ምን አውቃለሁ፣ አላነብ" አለች።

ነሐሴ ፬

ፍልሰታ ነው። ቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመናል። መሪጌታ ተክለ ማርያም ጋይንት ቤተ ልሔም የተማሩ ናቸው፤ በዘመን ቆጠራው፣ በባሕረ ሐሳብ፣ የሚስተካከላቸው የለም ይባላል። ይባላል። እኔ ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ቆሞ እጅ የሚነሳለትን ሰው አልወድም።

"አቶ ደምሌ፣ ሽጉጦቹ ይጾማሉ?" አሉኝ። ሰው ሳቀ።

"ወረቀታቸውን አሟልተው ይጾማሉ" አልኩ።

"ደግ ነው። የይታይሽም ነገር እንዲሁ ይሟላላት።"

ሰው ነግሯቸዋል ማለት ነው። ወይም ራሷ ነገረቻቸው። ከዚህ አገር ሰው አፍ ነገር አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ወደ ቤት ስመለስ አንዷ ሴት ለሌላዋ "አደራ" ስትል ሰማሁ፤ የቀረውን አልሰማሁም። ምናልባት ስለ በግ ነው።

ነሐሴ ፲፫

ቡሄ። ልጆች በየበሩ ጅራፍ ያጮሃሉ። አባረርኳቸው። አበራሽ ከኋላዬ ሙልሙል ይዛ ወጥታ ሰጠቻቸው።

ነሐሴ ፳፪

ይታይሽና መሪጌታ አብረው መጡ። ሽምግልና መሆኑ ነው። ተቀመጡ፣ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ባቄላው ዋግ አወሩ። ነገር ሲጀምሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ያሽከረክሩታል።

"አቶ ደምሌ፣ የሰው ዕቃ እጅዎ ላይ አለ፤ ሴትዮዋ ቸግሯታል" አሉ መሪጌታ።

"የሰው አይደለም። ገዝቼዋለሁ።"

አፌ ነው የተናገረው። እኔ ከመናገሬ በፊት አፌ ተናግሮ ነበር።

"ከማን?"

"ከራሱ ከካሣሁን። በሕይወቱ ሳለ። ጣሊያን በወጣበት ዓመት።"

ይታይሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ወገቡ ላይ ያየሁት የማንን ነበር?"

እንግዲህ ፍርድ ቤት እንገናኝ አልኩና ተነሳሁ። መሪጌታ ዘንጋቸውን አንስተው "ወረቀት አለዎት አይደል? እርስዎ እንኳ ወረቀት አያጡም" አሉ። አበራሽ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

እኔ ሌባ አይደለሁም። ሌባ ይሸጣል። እኔ ጠባቂ ነኝ። ይህን ማንም አይለይልኝም።

ነሐሴ ፳፱

የአርበኛውን ወረቀት አወጣሁ። እንዲህ ይላል፤ "ካሣሁን በጥር ወር ፲፱፻፴፫ በበሽሎ መሻገሪያ የጣሊያን ሻምበል ገድሎ ቁጥሩ ፫፻፵፪ የሆነውን ስድስት ጎራሽ ማርኳል። እኔ አለቃው ቆሜ አይቻለሁ። ሽጉጡ የእርሱና የልጅ ልጆቹ ነው።" ማኅተሙ ገና ቀይ ነው።

እሳቱ ፊቴ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጠጋሁት። አልቻልኩም። በሕይወቴ ብዙ መጥፎ ወረቀት አይቻለሁ፤ ይህ ግን ጥሩ ወረቀት ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ምስክሩ፣ ቁጥሩ ሁሉ የተሟላ። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያቃጥል ሰው እጁ ይቆረጥ።

በጨርቅ ጠቅልዬ የገብሱ ጎታ ውስጥ ከታች ከተትኩት። እዚያ ማንም አይደርስበትም።

ጳጉሜን ፫

ሩፋኤል ነው፤ ሰው ሁሉ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ይጠመቃል። እኔ አልተጠመቅሁም። ማሩ በመንገድ አግኝቶኝ "ጋሼ ደምሌ፣ ሰባቱን መቼ ያመጡልኛል? ዝርዝርዎን ባዶ ትቼ እየጠበቅሁ ነው" አለኝ። ሰባት መሆናቸውን ማን ነገረው? ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ይቆጥራል።

ጳጉሜን ፭

አበራሽ "ገብሱ አልቋል። ለዓመት በዓሉ ጠላ ብዬ ጎታውን ጠርጌዋለሁ" አለች። ጓዳ ያለው ሌላ ጎታ ይከፈት አልኳት። የሴት ነገር፣ እህል ሲያልቅ ለኔ ምን ይነገራል። ጭንቅላቴ የነገው ላይ ነው፤ ነገ መጨረሻው ቀን ነው።

ጳጉሜን ፮

በችኮላ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ማሩ በዘጠኝ ይዘጋል።

ጻፍኩት። ከመዝገብ ቤት የተረፈ አሮጌ ወረቀት ነበረኝ፤ ጠርዙን የነካው ቢጫ የእውነት ነው። ብዕሩንም ድሮ የነበረኝን ተጠቀምኩ። "እኔ ካሣሁን ከጣሊያን ሻምበል ያገኘሁትን ስድስት ጎራሽ በፈቃዴ ለአቶ ደምሌ ሸጫለሁ።" መጀመሪያ "የማረክሁትን" ልጽፍ ነበር። ማረክሁ ካልኩ የማረከበት ወረቀት የታለ ይባላል። "ያገኘሁትን" ይሻላል። ትክክለኛ ቃል ነው፤ ማርኮም ቢሆን አግኝቷል።

አሻራ ያስፈልጋል። ካሣሁን ሞቷል። አውራ ጣት ግን ሁሉም ሰው አለው።

ቀኑን ስጽፍ እጄ እንደ ድሮው ሄደ፤ መዝገብ ቤት ተቀምጬ በየቀኑ ከላይ በስተቀኝ እንደምጽፈው፣ ሳልፈልግ፣ ሳላስብ። ዓመቱን ብቻ አስቤ ፲፱፻፴፫ አልኩ። ሥራው ቀለለኝ። ይህ ራሱ ትንሽ አሳፈረኝ።

ማታ። ሰባቱም ተመዘገቡ። ማሩ ወረቀቱን አይቶ "የድሮ ሰው ጽሕፈት እንዴት ያምራል ጋሼ" አለ። ሙገሳውን ተቀበልኩ።

መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፷

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩ ደረቴ ይፈነዳል።

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አበራሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከኋላ ከኋላዬ ዝም ብላ ትሄዳለች። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ እንደ ሁልጊዜው ወጥተው ዓመቱን አወጁ። "ዘመነ ሉቃስ ተፈጸመ፣ ዘመነ ዮሐንስ ገባ። አበቅቴ አንድ፣ መጥቅዕ ሃያ ዘጠኝ።" ሕዝቡ ያዳምጣል፤ አንድ ቃል አይገባውም፤ ግን ያዳምጣል። ከዚያ ለገበሬው ብለው በቀላሉ ነገሩት።

"ትናንት ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ከእንግዲህ ሦስት ዓመት ጳጉሜን አምስት ትሆናለች። ስድስተኛዋ ቀን የሉቃስ ብቻ ናት። በዮሐንስ የለችም፣ በማቴዎስ የለችም፣ በማርቆስ የለችም።"

ግንቡን ያዝኩ።

ሠላሳ ሦስት። በጣቴ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ሉቃስ፣ ሠላሳ ሁለት ዮሐንስ፣ ሠላሳ ሦስት ማቴዎስ። እንደገና ቆጠርኩ። ማቴዎስ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ጳጉሜን ስድስት ነው። ያልነበረ ቀን ላይ ካሣሁንን አስፈርሜዋለሁ።

ሃያ ስምንት ዓመት። የስንቱን ገበሬ ወረቀት በቀን ስህተት መልሻለሁ። "ቀኑ አይገጥምም፣ ሂድ" እያልኩ። በእግሩ ሁለት ቀን የመጣውን።

መስከረም ፪

ማሩ ቤት በጠዋት ሄድኩ። በዓል ነው፣ ብርሌ ይዞ ተቀበለኝ። አንዷን ወረቀት ላስተካክል አልኩት።

"ጋሼ፣ መዝገብ ገብታለች፤ ቁጥርም ማኅተምም ተመቶባታል። እርስዎ እኮ ነዎት መዝገብ የገባ ወረቀት እንዳይነካ ያስተማሩን።"

እኔ ነኝ። እውነት ነው። ብርሌውን ሳልነካ ወጣሁ። ትሕትናው አቃጠለኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

መስከረም ፭

ሸሪፍ ነገረኝ፤ ፊቱን አዙሮ ነው የነገረኝ። ዋለ መዝገብ ቤት ሄዶ የወረቀቴን ግልባጭ አውጥቷል። "ካሣሁን ራሱ ከጣሊያን አገኘሁት ብሎ ፈርሟል፤ አልማረከም፤ ተሰጥቶት ነው" እያለ በየጠላ ቤቱ ያስነብባል። ይታይሽ ገበያ ላይ ስታልፍ አንዱ የባንዳ ሚስት ብሎ ጠራት።

ያቺ አንድ ቃል። እያወቅሁ ነው የጻፍኳት። እዚህ ደብተር ላይ ትክክለኛ ቃል ብዬ ጽፌያለሁ፤ አሁን ገልጬ አየሁት።

ሄጄ ቀኑ ሐሰት ነው ብል ሴትዮዋ ትድናለች፣ እኔ እጠፋለሁ። ዝም ብል ማንም ላያየው ይችላል። ዳኛው አያየውም። ዋለ ማንበብም በጭንቅ ነው። የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጎታውን ሄጄ አየሁ። ባዶ ነው። እስከ ታች ተጠርጓል። አበራሽን መጠየቅ አልቻልኩም። ምን ብዬ?

መስከረም ፱

ፍርድ ቤት። ሃያ ስምንት ዓመት ከጠረጴዛው ወዲያ ነበርኩ፤ ዛሬ ወዲህ ቆምኩ።

ዋለ ግልባጩን አቀረበ። ማሩ አነበበ፤ ዛሬ አልተደናቀፈም። "በጳጉሜን ፮ ቀን ፲፱፻፴፫።" መሪጌታ ከይታይሽ ጎን ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ አየኋቸው፤ የተደሰቱ መስሎኝ ነበር። አልነበሩም።

"ክቡር ዳኛ፣ ይህን ቀን እንደገና ያንብቡልኝ" አሉ።

ተነበበ።

"ሠላሳ ሦስት ዘመነ ማቴዎስ ነው። ጳጉሜን ስድስት አልነበረችም። ሰው ባልዋለበት ቀን አይፈርምም።"

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "አቶ ደምሌ፣ ይህን ወረቀት ማን ጻፈው?"

"የድሮ ጸሐፊ" አልኩ። አልዋሸሁም።

"ሴትዮዋ የምትለው ባለ ቀይ ማኅተም ወረቀትስ?"

"አላውቅም።"

ከሴቶቹ መካከል አበራሽ ተነሳች። እንደምትመጣ አላወቅሁም። ከመቀነቷ ውስጥ ጨርቁን ፈታች፤ ገብስ ገና ተጣብቆበታል።

"ጎታ ስጠርግ አገኘሁት። አላነብም፣ ማኅተሙን ግን ከስምንት ዓመት በፊት አይቼው አውቀዋለሁ። አሥር ቀን ያዝኩት። እሱ ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።"

ማሩ አነበበው። በሽሎ፣ ሻምበሉ፣ ቁጥር ፫፻፵፪፣ ማርኳል። "ማርኳል" ሲል ይታይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ዋለ ግልባጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ማንም ሰው አልሰደበኝም።

መስከረም ፲

አበራሽ ቁርስ ሠርታ አቀረበች። ጨው ልኩን ነው። እሷ ግን አብራኝ አልበላችም።

ለምን ቤት ውስጥ አልነገርሽኝም አልኳት። "ቤት ውስጥ ብነግርህ ታቃጥለው ነበር" አለች። አላቃጥለውም ነበር። ይህን ግን እንዴት አድርጌ እንዳስረዳት አላውቅም።

መስከረም ፲፬

ውሳኔው ተሰጠ። ማሳው ለይታይሽ ጸና። የሐሰት ወረቀቱ ነገር ለብቻው ይታያል ተባለ። የሌሎቹ ስድስት ሽጉጦች ወረቀትም ይመርመር ተብሏል። ስድስቱ እውነተኛ ናቸው። እውነተኛ ናቸው ብል ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?

ሽጉጡን በእጄ አስረከብኩ። ይታይሽ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው፤ ዘይቱ ነጠላውን አበላሸው። ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ በክረምት በየወሩ ይወልወል፣ ጎማው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ ልላት። "አቶ ደምሌ፣ ንጹሕ አድርገው ይዘውልኛል" አለች። ስድብ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ፤ አልነበረም።

ከዚያ ማሩ ከሽጉጡ ጋር የሚሄደውን አዲሱን ወረቀት አነበበ።

"ይህ ቁጥሩ ፫፻፵፪ የሆነ ሽጉጥ ካሣሁን በጥር ፲፱፻፴፫ በበሽሎ ከጣሊያን ሻምበል የማረከው፤ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ይታይሽ በ፲፱፻፶፩ ለፍርድ ቤት ጸሐፊ ለደምሌ በአደራ የሰጠችው፤ ደምሌ አደራውን ክዶ በሐሰት ወረቀት በስሙ ያስመዘገበው፤ በባለቤቱ በአበራሽ እጅ እውነተኛው ወረቀት ተገኝቶ ለይታይሽ የተመለሰ። መስከረም ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፣ ዘመነ ዮሐንስ።"

አስረካቢ ይፈርም ተባለ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት ፈለግሁ፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ቀን። ቁጥሩ ልክ ነው። ወንጌላዊው ልክ ነው። ምስክሮቹ ተሟልተዋል፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ አንድ አልተዘለለም። ሽጉጡ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል፤ የልጅ ልጆቿ ያነቡታል።

ጥሩ ወረቀት ነው። ፈረምኩ።